እትዬ አስካለና የብስክሌቱ ሞተር

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የነገሩኝ ባለቤታቸው ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ከሐዋሳ ደውለው "ሳሚ፣ አስኩ ትናንት አረፈች" አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣብኝ ንዴት ነው። ጁባ ሳለን በአንድ የብስክሌት ሞተር ምክንያት የተጨቃጨቅነው ሁሉ እንደ ትናንት ትዝ አለኝና "ምን ዓይነት ግትር ሴትዮ ነበሩ በእግዚአብሔር!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ "ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አለችኝ። ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጁባ የገባሁት ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ባወጀች ሰሞን ነው። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ጄኔሬተሮችንና የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎችን እከታተል ነበር። ቢሮአችን አማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ምሳ የምበላው ደግሞ ከቢሮው ጀርባ ባለው የእትዬ አስካለና የጋሽ ወንድሙ ምግብ ቤት። ጋሽ ወንድሙ ሐዋሳ ውስጥ ለረጅም ዘመን የስፖርት አስተማሪ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እትዬ አስካለ አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፃቸው ከመንገድ የሚሰማ። ዓይናቸው በዓይን ግፊት በሽታ ጠፍቶ ነበር። "ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ሰው ግን ካልተናገረ አላውቀውም" ይሉ ነበር።

ማየት ባይችሉም ገበያ የሚወጡት ራሳቸው ነበሩ። ቲማቲሙን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው፣ ሎሚውን አሽተው፣ ሥጋውን አሽትተው ካልመረጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ካጉረመረመ "ማነው ያለው? ድምፁን ልያዘው" ይሉና ሰውየውን ያስደነግጡታል። ነገር ሲቆርጡ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው አንዴ ጠረግ ያደርጉታል። እሱን ካየህ በኋላ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። እኔ ግን ስንቴ አይቼው ስንቴ ተከራከርኩ!

ገበያው ኮንዮ ኮንዮ ነው፤ ከአማራት በእግር ለሚሄድ፣ ያውም ዓይን ለሌለው፣ ሩቅ ነው። በመጀመሪያ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ከቦዳው ወድቀው እጃቸው ተሰበረና ዳግመኛ ሞተር ሳይክል ላይ አልወጣም አሉ። የዚያን ሰሞን ወደ አገራቸው የሚመለሱ የምግብ ቤቱ ደንበኞች፣ ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ባለ ሁለት ሰው ብስክሌታቸውን ለእነሱ ትተውላቸው ሄዱ። ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት መሪ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል ያላት ረጅም ብስክሌት ናት። የፊቱና የኋላው ፔዳል በካቴና የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲረግጥ የሌላውም አብሮ ይዞራል። አቅጣጫ የሚያስይዘው ግን የፊቱ መሪ ብቻ ነው፤ የኋላው መያዣ ነው።

ጋሽ ወንድሙ ከፊት፣ እትዬ አስካለ ከኋላ ሆነው ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ሲወርዱ የሰፈሩ ልጆች "ሹፍ! አጀላ ታ ኢትነን!" እያሉ ይሮጡላቸዋል፤ የሁለት ሰው ብስክሌት እዩ ማለታቸው ነው። እትዬ አስካለ አንድ እጃቸውን አንስተው እንደ ባለሥልጣን ሰላምታ ይሰጣሉ። ሲመለሱ ሽንኩርቱና ቃሪያው በግራና በቀኝ ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው፣ እሳቸው ገና ከበሩ "ዛሬ ሎሚ ቆንጆ ነው!" እያሉ ይገባሉ።

ከዚያ የጋሽ ወንድሙ ልብ ታመመ። ካምፓላ ሄደው ያያቸው ሐኪም ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ደግ ነው፣ መታገል ግን አይቻልም አላቸው። ጊዜው ደግሞ ነዳጅ ከጁባ የጠፋበት ነበር፤ መኪና በኮንትራት ልያዝ ቢሉ የሚገኝ አልነበረም። ጋሽ ወንድሙ ምሳዬን እየበላሁ አጠገቤ ቁጭ ብለው "ሳሚ፣ ብስክሌት ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ሞተር አለ ይባላል። አንተ አትመርጥልንም?" አሉኝ። ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና አፍልቼ እየጠጣሁ፣ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ የፊት ጎማ መሃል ላይ የሚቀመጥ ሞተር ነው፤ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ግን ሁለት ሰውና ሽንኩርት የሚሸከም ብስክሌት በጁባ አሸዋ ላይ ፊቱ እየተንሸራተተ ይጥላቸዋል ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው የኋላ ጎማ ላይ የሚገባ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሆነ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ሽቦ መፍታት አለ። ሦስተኛው ፔዳሉ ዘንግ ላይ ተገጥሞ ካቴናውን የሚጎትት ነው፤ እሱ ለተራ ብስክሌት እንጂ ለባለ ሁለት ሰው ልኩ አይገኝም። የኋላ ጎማውን መረጥኩና ለሁለቱም አስረዳኋቸው። ጋሽ ወንድሙ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው ሰምተው ጠየቁ።

"ይሄ ሞተር በምን ይነሳል?"

"እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ አለው። ጋሼ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይሄዳል።"

"እሱ ፔዳል ባይረግጥስ?"

"ግድ የለም፣ ይሄዳል።"

"እኔስ ባልረግጥ?"

"እርስዎማ ዝም ብለው መቀመጥ ነው።"

"እንግዲያው አልፈልግም።"

"ለምን እትዬ?"

"ዝም ብሎ መቀመጥ ከሆነ እዚህ ቤት ወንበር ሞልቷል።" ጠረጴዛውን ጠረግ አደረጉት።

ጋሽ ወንድሙ "አስኩ፣ ልጁ ለእኛ ብሎ ነው የደከመው" ቢሉ "ማን አትድከም አለው? ሌላ ይፈልግ" አሉ። በቃ።

እንደገና ማንበብ ሆነ። ፔዳሉ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚጨምር፣ ፔዳሉ ሲቆም የሚቆም ዓይነት እንዳለ አገኘሁ። እሱን ስነግራቸው "ይሄ ይሁን" አሉ፤ ምክንያት ግን አልሰጡም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ላስመጣ ብል እንዲህ ያለ ባትሪ አይጫንም ተባልኩ። ካምፓላ አንድ ነጋዴ ተገኘ። በስልክ የፈለግነውን ደጋግሜ ነገርኩት፤ "ያለ ችግር፣ ወንድሜ፣ ያለ ችግር" ይለኛል። ዕቃው ኒሙሌ ድንበር ላይ ቆመ፤ ቀረጡ አለቀ ሲባል አውቶቡሱ ተበላሸ፤ አውቶቡሱ ተሠራ ሲባል መንገዱ በዝናብ ተቆረጠ። በመጨረሻ ካርቶኑ ደርሶ ስንከፍተው ያልፈለግነው ባለ እጀታው ነው። ነጋዴው ጋ ደወልኩ። "እሱ ይሻላል፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው" አለኝና ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም። መመለስ የማይታሰብ ነው።

"ያለውን እንግጠመው" አሉ ጋሽ ወንድሙ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን አዙረው ሽንኩርት መላጥ ቀጠሉ። የኋላው ጎማ ደግሞ አይገባም፤ የዚህ ብስክሌት የኋላ ሹካ ሰፊ ነው፣ የመጣው ጎማ ለተራ ብስክሌት የተሠራ ጠባብ ነው። ቀለበት አስቆርጬ፣ ዘንጉን አስረዝሜ፣ ቅዳሜና እሑዴን ጨርሼ ገጠምኩት። እጀታውን በጋሽ ወንድሙ መሪ ላይ አሰርኩ። ወጥተው ሞከሩት። ብስክሌቷ ብር ብላ ሄደች፤ ጋሽ ወንድሙ እንደ ልጅ ሳቁ። መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ እትዬ አስካለ "አቁም!" አሉ፣ ወረዱ፣ አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ በእግራቸው ተመለሱ።

"ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"አልወደድኩትም።"

"ምኑን ነው ያልወደዱት?"

"አልወደድኩትም አልኩህ እኮ!"

በማግስቱ ሞተሩን አጥፍተው፣ ያን ሁሉ ብረትና ባትሪ ተሸክመው፣ እንደ ድሯቸው እየረገጡ ገበያ ሄዱ። ከበፊቱ የከበደ ብስክሌት! መስኮቴ ላይ ሆኜ ሳያቸው ጥርሴን አፋጨሁ። ኩራት ነው አልኩ። ሰው እንዴት ለኩራቱ ሲል የታመመ ባሉን ያስለፋል? ለጥቂት ጊዜ ምሳዬን ሌላ ቦታ መብላት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ከምግብ ቤቱ ሰው ሮጦ መጣ፤ ጋሽ ወንድሙ ኮንዮ ኮንዮ መንገድ ላይ ወድቀዋል። ክሊኒኩ ስደርስ ጉሉኮስ ተደርጎላቸው ተኝተዋል፤ ሐኪሙ ለክፉ አይሰጥም ብሏል። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ቀሚሳቸው አቧራ ለብሷል። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"እትዬ፣ ሞተር ገጥሜልዎት ነበር። እርስዎ እንቢ ብለው ነው ሰውየው እዚህ የተኙት። ሊገድሏቸው ነው ወይ?"

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ "ተኝቷል?" አሉኝ።

"ተኝተዋል።"

"በሩን ዝጋውና ና፣ ተቀመጥ።" ዘጋሁት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

"ዛሬ ሊወድቅ መሆኑን ማን ቀድሞ ያወቀ ይመስልሃል? እኔ ነኝ። ፍሬን ያዝ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ባይዝ ኖሮ መኪና ውስጥ ነበር የምንገባው። በምን አወቅሽ አትለኝም?"

"በምን አወቁ?"

"በእግሬ። ፔዳሉ የተያያዘ ነው። እሱ ሲረግጥ እኔ ጋ ይመጣል። ደህና ሲሆን አረጋገጡ እኩል ነው። ሲደክመው ቀኙ ይዘገያል፤ በጣም ሲደክመው እኔ እየረገጥኩ የእሱ እግር ዝም ብሎ ይከተለኛል። ፊቱ ሲገረጣ አላይ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ አላይ። ብጠይቀው ደህና ነኝ ነው መልሱ። መቼም ደህና ነው እሱ! ያንተ ሞተር ሲነሳ እግሩን ያቆማል፣ ፔዳሉ ዝም ይላል። እኔ ምን ልወቅ?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?"

"እሱ ፊት? በእግሩ እንደማዳምጠው ካወቀ ጤነኛ ለመምሰል ይበልጥ ይረግጥ የለም እንዴ? አንተን ደግሞ ያለ እሱ መቼ አግኝቼህ አውቃለሁ?"

እውነቱን ለመናገር የባሰ ተናደድኩ። በዚያች አንዲት ቃል እጦት ስንት ቅዳሜዬ አለቀ! ማድ ቤት ጠርተው ጆሮዬ ላይ ሹክ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ግን "አሁን ምን ይሻላል?" አልኩ።

"እጀታውን ወደ እኔ አምጣው።"

"ወዴት?"

"ወደ ኋላ። እኔ ልያዘው። ሁለታችንም ቀስ እያልን እንረግጣለን፤ እሱ ሲዝል ሲሰማኝ እኔ እጨምራለሁ።"

"እትዬ፣ ማየት ለማይችል ሰው ጋዝ ልሰጥ ነው?"

"መሪ ስጠኝ አልኩህ? ፍሬን ስጠኝ አልኩህ?"

ፍሬኑ ከጋሽ ወንድሙ ጋር ነው፤ ሲጨበጥ የሞተሩን ኃይል የሚቆርጥ ሽቦም አብሮ መጥቷል። እሱን ሳስብ ሐሳባቸው የሚያስኬድ መሰለኝ። "ለጋሼ ምን እላለሁ?" ስላቸው "ፊት ላይ ቦታ ጠበበ በለው። መሐንዲስ ነህ፣ ያምንሃል" አሉኝ።

ሽቦውን ቀጥዬ እጀታውን ወደ ኋላ ወሰድኩ። ጋሽ ወንድሙ ሰበቡን ሰምተው አንዴ አየት አደረጉኝ። የመጀመሪያው ሙከራ ጥፋት ነበር። እትዬ አስካለ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዙት፤ ብስክሌቷ ዘላ ጎረቤት ካለው ለስላሳ መጠጥ መሸጫ የፕላስቲክ ወንበሮች ውስጥ ገባች። ደግነቱ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

"አስኩ፣ ቀስ በይ እንጂ!"

"አንተ ፍሬን አትይዝም?"

"ገና ፍሬን ሳልይዝ እኮ ነው ወንበር ላይ የወጣነው!"

ባለሱቁ "ሸዋይ ሸዋይ፣ ማማ!" እያለ፣ ቀስ በሉ ማለቱ ነው፣ በሳቅ ወንበሮቹን ሰበሰበ። እኔ አልሳቅኩም፤ የፊቱ ቸርኬ ተጣሞ ነበር።

ባትሪው የት ይቀመጥ በሚለውም ተጣላን። እኔ መሃል ላይ፣ ከታች፤ እሳቸው ከኋላቸው፣ ሙቀቱን በእጃቸው እየዳበሱ እንዲያውቁት። አሸነፉኝ። ብዙም ሳይቆይ የኋላውን ቸርኬ ወጥረው የያዙት ቀጫጭን ሽቦዎች በክብደቱ አንድ በአንድ መበጠስ ጀመሩ። "አላልኩም ነበር?" ስላቸው "ብለሃል። በል ወደ መሃል አምጣው" አሉኝ፣ ሐሳቡን አሁን ገና ያመጣሁት ይመስል። አንድም ቀን ተሳስቼ ነበር ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። እጃቸው እንደ ሚዛን ሆነ፤ መቼ እንደሚጨምሩ፣ መቼ እንደሚቀንሱ ከውጭ ለሚያይ አይታወቅም። ጋሽ ወንድሙ ወዛቸው ተመለሰ። ለደንበኛው ሁሉ "ሳሚ የመረጠልን ሞተር" እያሉ ያወራሉ፤ እትዬ አስካለ ይሄን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። እኔም ምሳዬን ወደ እነሱ መለስኩ። ጭቅጭቁ ግን አልቀረም፤ ቻርጀሩ ጮኸ፣ ፍሬኑ ላላ፣ እጀታው ላብ ገባው፣ እያሉ ከሥራ ላይ ያስጠሩኛል። ሳልበላ ደግሞ አያሰናብቱኝም።

የሥራ ውሌ ሊያልቅ ሲል ባትሪው መድከም ጀመረ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያገኝ እየተነሳ፣ ሲያጣ እየጠፋ፣ ባትሪውን በግማሽ እየሞላ ጎድቶታል። አዲስ እስኪገኝ ሩቅ እንዳይሄዱ ነግሬያቸው ነበር። የሰማኝ የለም። አንድ ረፋድ ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ በቦዳ ከሥራ ጉዳይ ስመለስ ከፊቴ አየኋቸው። ከኮንዮ ኮንዮ እየመጡ ነው። ከግራና ከቀኝ ሽንኩርት በማዳበሪያ ተንጠልጥሏል። ባለቦዳውን ጠጋ በል አልኩትና ከጎናቸው ሆንን።

ባትሪው ላይ ያለችው መብራት ጠፍታለች። ሞተሩ ሞቷል።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው፣ አንገታቸው ሥሩ ተገትሮ፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ይረግጣሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረውታል። የጋሽ ወንድሙ እግር ከፊት አብሮ ይዞራል፤ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይገፋም። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፤ በግራና በቀኝ የሱቅ ጄኔሬተር ሲጮህ፣ ቦዳው ሲጮህ፣ የሞተሩ ድምፅ መኖሩና አለመኖሩ የሚለይ አይደለም።

"እትዬ..." አልኩ።

ድምፄን ለዩት። አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ጋሽ ወንድሙ ዞር ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው በራ። "ሳሚ! ባትሪው ደከመ ትላለህ! እየው እስቲ፣ በዚህ ጭቃ እንዴት እንደሚጎትተው!"

"አየሁት ጋሼ" አልኩ።

ሞተሩ መሞቱን ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ባለቦዳው ሊያልፋቸው ጋዝ ሲሰጥ ትከሻውን ያዝኩትና ከኋላቸው ሁን አልኩት። የመኪናና የሞተር ሰው በጡሩምባ እየጮኸብን፣ በእነሱ እርምጃ፣ እስከ አማራት ድረስ ተከተልናቸው።